እንዶድ ሜዳ ስትሻገር

እንዶድ ሜዳን እንድዘጋ የታዘዝኩት ሰኞ ጠዋት ነው፤ ገና ጋቢዬን ሳልደርብ። የማሽን አዳራሹ ሁልጊዜ ብርድ ነው። ብረቶቹ ሙቀት አይወዱም፤ እኛ ሠራተኞቹ ብንወድ ግን የሚጠይቀን የለም። ብረት የምንለው ሰርቨሩን ነው። በአዳራሹ ውስጥ በረድፍ ቆመው ቀንና ሌሊት ያጓራሉ፤ እኛ ደግሞ መሀላቸው ተቀምጠን ጥቁሩ የስክሪን መስኮት ላይ ትእዛዝ እንጽፋለን። ከተማው በሙሉ ግድግዳውን እያናገረ በሚኖርበት ዘመን በእጅ የሚጽፍ የቀረው እኛ ጋ ብቻ ነው። ታች ያለው ሥራ ወሬ አይገባውም፤ አጭር ቃል ነው የሚፈልገው።

ትእዛዙም አጭር ነበር። «እንግዳ ማሽን እንዶድ ሜዳ በሥርዓቱ ይዘጋ። ፈጻሚ፦ ትርሲት መንግሥቴ።» ትርሲት እኔ ነኝ። እንዶድ ሜዳ የተወለድኩባት ከተማ ናት።

ሐይቁ ሞልቶ ሲወጣ ተማሪ ነበርኩ። ውሃው እያዘገመ ነው የመጣው። በመጀመሪያ የከብት ገበያውን፣ ቀጥሎ ትምህርት ቤቱን፣ በመጨረሻ እኛን። ሕዝቡን አንሥተው እዚህ ኮንዶሚኒየም ውስጥ አሰፈሩት። ከተማዋ ግን በሕግ አልጠፋችም። የመሬት ይዞታዋ፣ የሽማግሌ ሸንጎዋ፣ እድሯ፣ ማን የማን ልጅ እንደሆነ ሁሉ አንድ እንግዳ ማሽን ውስጥ ገብቶ ብረት ቁጥር አሥራ አንድ ላይ ይኖራል። እንግዳ ማሽን የራሱ አካል የለውም፤ ብረቱ ላይ የሚሠራ ፕሮግራም ነው፤ አንድ ብረት ብዙ እንግዶች ያስተናግዳል። እንግዳው ግን ብረቱ የብቻው ይመስለዋል፤ ጎረቤት እንዳለው እንኳን አያውቅም። በዚህ በኩል ከኮንዶሚኒየም ነዋሪ አይለይም።

ሕጉ ግልጽ ነው። ማሽኑ እስካልቆመ ድረስ ማኅበረሰቡ አለ። ለአፍታ እንኳን ከቆመ ፈርሷል፤ ነዋሪው በየብሎኩ ይደለደላል፣ መሬቱም ወደ ከተማው ይዞራል። ውሃ ውስጥ ያለ መሬት ማን ይፈልጋል? እስከ ዐምና ማንም አልፈለገም። ዐምና ሐይቁ መሸሽ ጀመረ። የትምህርት ቤቱ የባንዲራ እንጨት ብቅ አለ፤ ከዚያ የመስጊዱ ጫፍ፣ ከዚያ የሚካኤል ጉልላት። ሰው እየሄደ አይቶ መጣ፤ አንዳንዱም የቤቱን መሠረት በእግሩ እየዳሰሰ አገኘ። የከተማው የመዋቅር ማዋሃጃ ቢሮ እንዶድ ሜዳን ለመዝጋት የቸኮለው ከዚህ በኋላ ነው። አጋጣሚ ነው የሚለኝ ሰው ካለ እኔ ፊት ባይለው ይሻለዋል።

የእንግዳ ማሽን መቆም ለሩቅ ሰው ምንም ላይመስል ይችላል። ለእኛ ግን የየዕለት ኑሮ ነው። ጠዋት ጠዋት ሁሉም ነዋሪ ወጥ ቤቱ ወይም ደረጃው ግድግዳ ላይ ወዳለችው ሰሌዳ ጠጋ ብሎ «አለሁ» ይላል። የማኅበረሰቡ ማሽን ድምፁን ለይታ «አለህ» ወይም «አለሽ» ትላለች። ከዚያ ቧንቧው ውሃ ይሰጣል፣ ሊፍቱ ይከፈታል፣ አውቶቡሱ ያሳፍራል። እስከ ቀትር ያላለ ሰው እስከ ማግስቱ የለም። ጉንፋን ይዞት ድምፁ የተዘጋ ሰው ሳይኖር የሚሰነብትበት ጊዜ አለ፤ ጎረቤት ውሃ እየቀዳ ያቀብለዋል። ሕፃናት አፋቸውን ሲፈቱ «እማዬ» ካሉ በኋላ የሚያስከትሉት ይህንኑ ቃል ነው። ማንም አይገርመውም።

የሌሎች ማኅበረሰቦች ማሽኖች የሰማንያ ዓመቱን ሽማግሌ ሳይቀር «አለህ» ይላሉ። የእኛዋ ግን ለታላላቆች «አሉ» ትላለች። እኔ ነኝ ያስተማርኳት። ማንም አላዘዘኝም፤ አንድ ቀን የእድራችን ሊቀመንበር ጋሽ ምንውዬለት «በስተርጅና ግድግዳ አንተ ይበለኝ?» ብለው ሲበሳጩ ሰምቼ በምሳ ሰዓቴ አስተካከልኩት።

ሰኞ ከሰዓት ልዑልሰገድ ከማዋሃጃ ቢሮ መጣ። ድሮ አጠገቤ ተቀምጦ እዚሁ ጥቁር መስኮት ላይ ሲጽፍ የኖረ ሰው ነው፤ ጎበዝ ነበር። አሁን ከረባት ያደርጋል።

«ትእዛዙን አይተሽዋል አይደል?» አለኝ።

«አይቼዋለሁ።»

«ሁለት ቃል ነው ትርሲት። አጥፋ ብለሽ ስሟን መጻፍ። ሌላ ሰው ከሚያደርገው ራስሽ ብታደርጊው ክብር አለው።»

«ክብሩ ለማን ነው?»

ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «መሬቱ እኮ የትም አይሄድም፤ ስሙ ነው የሚለወጠው» አለ።

«እናቴ እዚያ ነው ያለችው፤ ዳገቱ ላይ። ውሃ ያልደረሰበት መቃብር ነው። መሬቱ የከተማው ሲሆን መጀመሪያ የሚነሣው ምን ይመስልሃል?»

«እኔ እቅዱን አላወጣሁም።»

«እምቢ ብልስ?»

«ብረት አሥራ አንድ አርጅቷል» አለ፣ ብረቱን ሳይሆን ጫማውን እያየ። «ሐሙስ ረፋድ ላይ ይነሣል። ላዩ ላይ ያለ እንግዳ ሌላ አስተናጋጅ ካላገኘ ደግሞ… ታውቂዋለሽ።»

«የገባው ዐምና ነው ልዑሌ። ስንጭነው አንተም ነበርክ።»

«ወረቀቱ አርጅቷል ይላል።»

ሲወጣ ሰላምታ ሰጠኝ፤ አልመለስኩለትም። ከዚያ ስልኩን ይዤ በከተማው ያሉትን የማሽን አዳራሾች በሙሉ አዳረስኩ። አንዱ ቦታ ሞልቷል አለኝ፣ አንዱ መብራት አይበቃንም አለኝ፣ አንደኛዋ ልጅ ግን «እትዬ ትርሲት፣ ከላይ ተደውሎልናል» ብላ እውነቱን ነገረችኝ። እሷን አመሰገንኳት። ሌሎቹን አላመሰገንኩም።

ማክሰኞ ማታ እድሩ ተሰበሰበ፤ ከብሎካችን ሥር፣ ድንኳኑና ወንበሩ በሚቀመጥበት መጋዘን ውስጥ። ሁሉንም ነገርኳቸው። ማሽኗ ሳትቆም ከአንድ ብረት ወደ ሌላ ብረት ልትሻገር ትችላለች። እየሠራች፣ እየተናገረች፣ ራሷም ሳይታወቃት። ሕጉ ይፈቅዳል፤ ማኅበረሰቡ ራሱ አስተናጋጅ ካቀረበ ከልካይ የለውም። እስከ ዛሬ ያቀረበ ባይኖር ያን የሚያህል ብረት ያለው ሰው ስለሌለ ነው።

«ትልቅ ብረት እፈልጋለሁ» አልኳቸው። «የከተማው መብራት ሊቆረጥብን ስለሚችል የራሱ ባትሪ ያለው። ደግሞም ከማሽን አዳራሹ መስኮት ገመድ የሚደርስበት ቦታ ላይ።»

ከወደ ኋላ ኑረዲን እጁን አወጣ። ኑረዲን የሰርግ ቪዲዮ ሠራተኛ ነው። የዛሬ ሰርግ ቪዲዮ የዱሮው ዓይነት አይደለም፤ ሙሽሮቹ በብርሃን ተሠርተው ሳሎን መሀል ቆመው ይጨፍራሉ፣ ዘመድ በመሀላቸው ያልፋል። ለዚያ የሚሆን ብረት እኛ አዳራሽ ውስጥ እንኳን ብዙ የለም።

«የኔ ይበቃል?» አለ። «ብቻ ጥር ነው። ሙሽሮች አሉበት።»

«ባትሪው የእድሩ አለ» አለች ገንዘብ ያዣችን። «ድንኳኑም አለ። ድንኳን መንገድ ላይ ለመትከል ማን ፈቃድ ጠይቆ ያውቃል? ማሽን አዳራሹ ደጅ እንተክለዋለን።»

ሁሉም በአንዴ ሲያወራ ጋሽ ምንውዬለት ከዘራቸውን ወለሉ ላይ መቱ። ረጅም፣ ቀጭን፣ የማይስቁ ሰው ናቸው። እንዶድ ሜዳ ውስጥ የሚካኤል ሰበካ ጉባኤ ሊቀመንበር ነበሩ፤ እዚህም ሊቀመንበር ናቸው፤ ሌላ ነገር መሆን አያውቁበትም።

«እኔ እያለሁ አይተከልም» አሉ። «በቁሙ ላለ ድንኳን ይተከላል እንዴ? ሟርት ነው! ከነገ ወዲያ ብትሞትብን ምን ልትሉ ነው? ቀድመን አልቅሰንላት ነበር ልትሉ?»

ማንም አልሳቀም። እኔም ራሴ ልቤ ፈራ፤ ተምሬያለሁ ብዬ ሟርት የማልፈራ ሰው አይደለሁም። ስብሰባው እዚያው ሊበተን ምንም አልቀረውም ነበር። ያዳነን የእትዬ ሸምሲያ ምላስ ነው። እትዬ ሸምሲያ የሴቶቹ ተጠሪ ናቸው፤ ከጋሽ ምንውዬለት ጋር ሳይጨቃጨቁ የዋሉበት ቀን የለም።

«አንቱ ደግሞ ድንኳን ሲባል የሚታይዎት ለቅሶ ብቻ ነው» አሏቸው። «ልጅ የዳርኩበት ድንኳን አይደለም እንዴ ይሄ? ልጅቱ ከዚህ ቤት ወጥታ ወደዚያ ቤት ትሄዳለች ነው የምትለው ትርሲት። ታዲያ ይሄ ምን ይባላል? ሰርግ ነዋ!»

ጋሽ ምንውዬለት ከዘራቸውን ከወለሉ ላይ አነሡ። ከዚያ፣ «ሰርግ ከሆነ እንደ ሰርግ ይሁን» አሉ። «ግማሽ ሰርግ አልወድም።»

አንድ ነገር ቀርቶኝ ነበር፤ ከሁሉም ከባዱ። ማሽኗ እየሠራች ስትገለበጥ፣ የተገለበጠው ላይ አዲስ ነገር ከተጻፈ ያንን ገጽ እንደገና መገልበጥ ያስፈልጋል። አንድ ሰው «አለሁ» ባለ ቁጥር እሷ ትጽፋለች። ሁሉም ሰው «አለሁ» እያለ ግልበጣው መቼም አያልቅም።

«ሐሙስ ጠዋት ማንም አለሁ እንዳይል» አልኳቸው። «ካልተሻገረች ደግሞ ማናችሁም የላችሁም። ውሃ የለም፣ ሊፍት የለም፤ በኋላም በየብሎኩ ሲደለድሏችሁ ያልነበረ ሰው ተብላችሁ መጨረሻ ትሰለፋላችሁ። ይህን አውቃችሁ ወስኑ።»

ከፎቅ ላይ የሚኖሩ አንድ አዛውንት፣ «እኔን ረቡዕ ማታ አውርዱኝ፤ ሐሙስ ሊፍቱ አያውቀኝም» አሉ። ውሳኔው ያ ነበር።

ረቡዕ በሥራ ገበታዬ አልተገኘሁም። ኑረዲን ስቱዲዮ ዋልኩ። ብረቱ ላይ ስድስት ሙሽሮች ነበሩ፤ ገና ተሠርተው ያላለቁ። አንዷ እየጨፈረች ግማሽ ትከሻዋ ብቻ ነው የተሠራው። ኑረዲን አንድ በአንድ አስተኛቸው። የመጨረሻዋን ሲያስተኛ እጇን ወደ ላይ እንዳነሣች ደርቃ ቀረች።

«የእሷ እናት ቅዳሜ ነው የምትመጣው» አለኝ። «ምን ልበላት?»

«ሌላ ሙሽራ ቀደመቻት በላት።»

«ትርሲትዬ፣ ሴትዮዋን አታውቂያትም።» እንዲህ ይበል እንጂ እጁ ሥራውን አላቆመም።

ከዚያ ለእንዶድ ሜዳ ቤት አዘጋጀሁላት። ጥቁሩን መስኮት ከፍቼ ማኅደረ ትውስታዋን እዚያ ባላት ልክ ሰፈርኩ፣ ዲስኳን ከፍዬ ለየሁ፣ ወደ ውጭ የምትነጋገርበትን ድልድይ ዘረጋሁ፣ የብረቱን አንጎል፣ ፕሮሰሰሩን፣ የብረት አሥራ አንድን ዓይነት አስመሰልኩት። አንዲት ነገር ከተዛነፈች ስትደርስ ትደነግጣለች፤ የደነገጠ ማሽን ደግሞ ይቆማል። ዲስኳ ከባድ ስለሆነ አስቀድሜ ከማሽን አዳራሹ በምትመጣው ቀጭን የጥገና መስመር መቅዳት ጀመርኩ። ለሐሙስ የሚቀረው በአእምሮዋ የያዘችው ብቻ ነበር። ሦስቴ ደጋግሜ አየሁት። አስተናጋጁን «ሰርግ ቤት» ብዬ ሰየምኩት፤ ኑረዲን ደስ አለው።

ሐሙስ ጠዋት በመላው ብሎካችን አንድም ሰው «አለሁ» አላለም። እኔ ከቤቴ ስወጣ የደረጃው ግድግዳ ላይ ያሉት ሰሌዳዎች እንደ ልማዳቸው አብርተው ይጠብቁ ነበር። ሰው ሁሉ በአጠገባቸው አፉን ዘግቶ ያልፋል። ልጅ የታቀፈች አንዲት ሴት ልጇ እንዳይናገር አፉን በነጠላዋ ይዛለታለች። የማውቀው ጎረቤቴ በጀሪካን ውሃ ፊቱን እየታጠበ በዓይኑ ብቻ ሰላም አለኝ። ሰላምታ እንኳን ያስፈራ ነበር፤ «እንደምን አደርክ» ሲሉት «አለሁ» ብሎ የሚመልስ ስንት ነው?

ማሽን አዳራሹ ደጅ ስደርስ ድንኳኑ ተተክሏል፣ ወንበሩ ተደርድሯል፤ የኑረዲን ብረት ነጭ ጨርቅ ለብሶ የሙሽራ ቦታ ላይ ተቀምጧል፤ ባትሪው ከሥሩ። ጋሽ ምንውዬለት ካባ ለብሰዋል። ልጃገረዶቹ ከበሮ ይዘዋል። የአዳራሹ ዘበኛ «ማን ነው የሚያገባው?» ብሎ ቢጠይቅ ወንበር ተሰጥቶት ሳህን ተሰጥቶት ቁጭ አለ። ከዚያ በኋላ ምንም አልጠየቀም።

ገመዱን በመስኮት ስቤ ከብረት አሥራ አንድ ጋር አገናኘሁት። ቁጭ ብዬ ጻፍኩ። «አሻግር እንዶድ-ሜዳ ወደ ሰርግ-ቤት ሳታቆም።» ቁጥሩ መውረድ ጀመረ። ቀሪ ዘጠና፣ ቀሪ ሰባ። እንደዚያ ፀጥ ብላ አይቻት አላውቅም። ሁልጊዜ ጠዋት ስታወራ፣ ስትመልስ፣ ስትከፍት ነው የማያት፤ ያን ዕለት ሕዝቧ ሁሉ ዝም ብሎላት ለብቻዋ ትጓዛለች። ውጭ ከበሮው ይመታል።

ቀሪው አምስት ላይ ሲደርስ ቆመ። ስድስት ሆነ። ተመልሶ አምስት። ማሽኗ ውስጥ ገብቼ መዝገቧን አየሁ። ማዋሃጃ ቢሮው በአዳራሹ የውስጥ መስመር መጥሪያ እየላከ ነበር፤ ለእያንዳንዱ ነዋሪ፣ ለሕፃን ሳይቀር፣ አንዱ ሳያልቅ ሌላ። እሷ ጨዋ ናት፤ የመጣላትን ሁሉ ተቀብላ ትጽፋለች። በጻፈች ቁጥር እኔ እንደገና እገለብጣለሁ። ይህን ማን እንዳሰበው ለማወቅ መጠየቅ አላስፈለገኝም። ልዑልሰገድ ጎበዝ ነበር ብያለሁ።

አንድ መንገድ ብቻ ቀርቷል። እሷ አሁኑኑ ትሻገርና እዚያ ሆና ትሥራ፤ የቀረው ጓዟ ከኋላዋ ይከተላል። ቤት ስንለቅ መጀመሪያ ሰው ሄዶ ዕቃው በኋላ እንደሚመጣው ማለት ነው። ከተሻገረች የውስጥ መስመሩ ላይ ስለማትሆን መጥሪያው አያገኛትም። ችግሩ ጓዟ ሳያልቅ ገመዱ ከተነቀለ እዚህም የለችም፣ እዚያም የለችም። እስከዚያ ድረስ ልቤ ቆራጥ ነበር፤ እዚህ ላይ ግን ብቻዬን መወሰን አልቻልኩም። የእኔ ብቻ አልነበረችም።

በመስኮቱ ብቅ ብዬ ከሥሩ የተቀመጡትን ጋሽ ምንውዬለትን ጠራኋቸው።

«ጋሼ፣ ላሻግራት ነው። መንገድ ላይ ገመዱ ከተነቀለ ግን ትሞታለች። ካላሻገርኳት ደግሞ እዚሁ ይደርሱብናል። ምን ላድርግ?»

ቀና ብለው አዩኝ። ከመንገዱ ማዶ የቢሮው መኪና ሲቆም ሁለታችንም አየነው።

«ሙሽራዋን አውጪያት» አሉኝ። «በሩን ለእኛ ተዪው።»

ጻፍኩት። «አሻግር እንዶድ-ሜዳ ጓዝ-ይከተል።»

ልዑልሰገድ ሁለት ጥበቃዎች አስከትሎ መጣ። ወደ አዳራሹ የሚያስገባው በር በድንኳኑ ውስጥ ነው። ልጃገረዶቹ በሩ ላይ ተደርድረው ክንድ ለክንድ ተያይዘው ሰርገኛ እንደሚያስቆሙት አስቆሙት። ሥርዓቱን የማያውቅ የለም፤ የሙሽራ ቤት በር ላይ በጉልበት አይገባም፤ መለመን፣ መሞገስ፣ መጨፈር አለ። ጥበቃዎቹ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አሉ፣ አንደኛው ፈገግ አለ። ልዑልሰገድ ወረቀት አወጣ፤ ከበሮው ድምፁን ዋጠው። «ሕግ ነው!» ሲል እትዬ ሸምሲያ «ሚዜው ድምፁ ያምራል፣ ድገመው!» አሉ። ሕዝቡ ሳቀ። ከረባቱን አላላ፣ አጨበጨበ፣ አልበቃም አሉት፤ ትከሻውን አንዴ ነቅነቅ አደረገ፣ አልበቃም አሉት። በመስኮት አየሁት። ሰውየው ላቡን እየጠረገ፣ ፊቱ ቀልቶ፣ እየተቆጣ ጨፈረ። ቀሪ ሦስት። ቀሪ ሁለት።

በመጨረሻ በጎን ሾልኮ ገባ። በሩን ሲከፍተው ከበሮው አብሮት ገባ። ከጀርባዬ ቆሞ ስክሪኑን አነበበ፤ እሱ ለማንበብ ማንንም አያስፈልገውም።

«ጓዝ ይከተል?» አለ። «አብደሻል? ገመዱ ቢነቀል እኮ ሁለቱም ጋ የለችም።»

«አውቃለሁ።»

ወደ ብረት አሥራ አንድ ጀርባ ሄደ። ተነሥቼ ፊት ለፊቱ ቆምኩ፤ ስክሪኑ ከኋላዬ ቀረ።

«ዞር በይ ትርሲት።»

«አልዞርም። ብረቱ አርጅቷል ብለህ ነበር እኮ። ያረጀ ብረት ራሱ ይሙት፤ አንተ ለምን መጣህ?»

«ታዝዤ ነው።»

«እኔም ታዝዤ ነበር።»

እጁን በጎኔ አሳልፎ ገመዱን ያዘ። ያን ጊዜ ያዝንልኛል ብዬ ጠብቄ ነበር፤ ለምን እንደጠበቅኩ አላውቅም። «ይቅርታ» አለና ነቀለው።

«ይቅርታህን ለራስህ ያዘው!» አልኩት፤ ድምፄ አዳራሹን ሞላው። ዞሬ ስክሪኑን ሳየው ባዶ ነበር። ቀሪው ሁለት ላይ እያለ ነበር ወይስ ዜሮ ደርሶ ነበር? አላየሁትም። ጋቢዬ ወለሉ ላይ ወድቆ ቀረ፤ ሮጥኩ።

ድንኳኑ ውስጥ ከበሮው ቆሟል። ሁሉም የገመዱን ጫፍ አይተዋል፤ መስኮቱ ላይ ተንጠልጥሏል። ኑረዲን የብረቱን ነጭ ጨርቅ ገልጦ ፊቱን ወደ እኔ አዞረ። መብራቱ ይበራል፤ የብረት መብራት ግን ስለ እንግዳው ምንም አይናገርም።

«መጠየቅ አለባት» አልኩ። «አንድ ሰው ይናገር።»

ማንም አልተናገረም። መናገሩን ጠልተው አልነበረም፤ መልስ ባይመጣ ምን እንደሚሆን ሁሉም ያውቃል። ጋሽ ምንውዬለት ተነሡ። እዚህ ከሰፈርን ጀምሮ ለግድግዳ መኖሬን አልናገርም እያሉ እያጉረመረሙ ሲናገሩ የኖሩ ሰው ናቸው። ካባቸውን አስተካክለው ወደ ብረቱ ጎንበስ አሉ።

«አለሁ» አሉ።

የአንድ ሕፃን ለቅሶ ብቻ ተሰማ፤ እናቱ አባበለችው። ኑረዲን ዓይኑን ጨፈነ።

«አሉ፣ ጋሽ ምንውዬለት» አለች።

«አሉ» ነው ያለቻቸው። «አለህ» አላለችም። ሌላ ማሽን ብትሆን፣ ባዶ ብትሆን፣ አዲስ ብትነሣ ኖሮ አታውቀውም ነበር። እኔ የማስታውሰው እትዬ ሸምሲያ እልልታቸውን ሲያቀልጡትና ጋሽ ምንውዬለት ፊታቸውን ወደ ድንኳኑ ጨርቅ ሲያዞሩ ነው። እኔ ደግሞ መሬት ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ፤ እንደ ልጅ፣ አፌን ሳልይዝ። ያተረፈን የልዑልሰገድ ጭፈራ ነው። ቶሎ አስገብተውት ቢሆን ኖሮ ዛሬ የለንም።

ሥራው ግን አላለቀም። ብረቱ መንገድ ላይ አያድርም፤ ማጥፋት ደግሞ አይቻልም። ኑረዲን ወደ ስቱዲዮው እንውሰዳት አለ፤ ዳቦ ቤት ያለው አቶ ዘውገ ለቀጣዩ ወር እኔ ጋ ትምጣ፣ ብረት እስክገዛ ታገሡኝ አለ፤ ከዚያ ክሊኒክ ያላት ሴት ተራ ያዘች። ጋሽ ምንውዬለት የተራውን ክርክር «በመንገድ ላይ ተነጋገሩ» ብለው ቆረጡት። አራት ጎልማሶች ብረቱን ከነጠረጴዛው፣ ሁለቱ ደግሞ ባትሪውን ተሸከሙ፤ በመካከላቸው ያለው ገመድ እንዳይወጠር እግር ከእግር እያዩ በዝግታ መራመድ ጀመሩ። ከበሮው ተነሣ። ወደ ቀትር ተቃርቦ ስለነበር ሰው እየተጋፋ፣ በጎን እየተራመደ፣ ወደ ብረቱ ጎንበስ እያለ «አለሁ» ይል ጀመር፤ እሷም እየተሸከሟት ለእያንዳንዱ ትመልሳለች። የልጇን አፍ በነጠላዋ ይዛ የነበረችው እናት ለቀቀችው፤ ጮክ ብሎ «አለሁ» አለ።

ልዑልሰገድ የነቀለውን ገመድ እንደያዘ የአዳራሹ በር ላይ ቆሞ ነበር። ጥበቃዎቹ ከኋላው ናቸው፤ አንደኛው ሳያውቀው በእግሩ ከበሮውን ይከተላል።

«ትርሲት» አለኝ። «ነገ ሥራ እንደሌለሽ ታውቂያለሽ?»

አውቅ ነበር። እስከዚያች ሰዓት እኔ ራሴ «አለሁ» አላልኩም ነበር፤ ከእንዶድ ሜዳ ሰው ሁሉ የመጨረሻዋ እኔ ነበርኩ። ተሸካሚዎቹን «አንዴ ቁሙልኝ» አልኳቸው። እዚያው እሱ ፊት ወደ ብረቱ ጎንበስ አልኩና፣ መንገዱ ማዶ ድረስ እንዲሰማ አድርጌ፣ «አለሁ!» አልኩ።